ሐዘንተኛውና ወደበኛው

የሰፈሬ ጎረምሶች ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤቴ ፊት ለፊት ያለችውን ሻይ ቤት ይሞሏታል። ግድግዳው ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። የእንግሊዝ ኳስ ሊጀመር ሲል ጠረጴዛ መደብደብ ይጀመራል፤ ክርክሩም ሁልጊዜ ያው አንድ ነው፦ እዚያ አገር ካሠለጠኑት ሁሉ የሚበልጠው ማነው? አንዱ ዋንጫ ይቆጥራል፣ ሌላው «ዋንጫማ በገንዘብ ይገዛል» ይለዋል፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ይሳደባል። ክርክሩን እችለዋለሁ። እንዲያውም አንድ ቀን በመስኮት ብቅ ብዬ «ከእናንተ በፊት በዚሁ ነገር የተከራከሩትን ሁለት ሰዎች ብታውቁ ኖሮ አፋችሁን ትዘጉ ነበር» ብላቸው ሳቁብኝ። አሮጊት ስለ ኳስ ምን ታውቃለች ብለው ይሆናል። የማልችለው ሌላ ነው። ተመልካቹ ባንድነት መዝፈን ሲጀምር መስኮቴን እዘጋለሁ። ቤቱ ቢታፈንም እዘጋለሁ። ጆሮዬ እኔ ሳላዘው ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል አንድ ድምፅ መፈለግ ስለሚጀምር ነው።

በጃንሆይ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ቡታጅራ ነበርኩ። ወልቂጤ ያገባሁትን ባል ትቼ ታላቅ ወንድሜ ቤት ተመልሼ ነበር። ለምን እንደተውኩት የጠየቀኝ ሁሉ አንድ መልስ ነበር የሚያገኘው፦ «ወሬው በዛብኝ።» ውሸት አልነበረም። ሰውየው ሳይከራከር ጨው እንኳ አይቀምስም ነበር። ታዲያ ከአንድ ተከራካሪ አምልጬ መጥቼ ሁለት ተከራካሪዎች መሃል ገባሁ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው።

ታላቅ ወንድሜን ጋሼ ነበር የምለው። ዋናው መንገድ ዳር የጨርቅ ሱቅ ነበረው፤ አቡጀዲ፣ ካኪ፣ የሴት ሻሽ ይሸጣል። ከሱቁ ጎን ያለችውን ጠባብ ክፍል ለቀቀልኝና ሻይ ቤት አደረግኳት። እናትና አባታችን በልጅነታችን ስለሞቱ እኔንም ታናሽ ወንድማችንንም ያሳደገን እሱ ነው። ሲያሳድገን እሱ ራሱ ገና ጢም ያላበቀለ ጎረምሳ ነበር። በኋላም ሳያገባ ቀረ። ሰዎች «ልጅ ሳትወልድ?» ሲሉት «ልጅ አለኝ» ይላቸው ነበር። ልጄ የሚለው ታናሻችንን ነበር። እኔ እዚያው አጠገቡ ቆሜ እየሰማሁ «እኔስ?» ስለው «አንቺማ አማቴ ነሽ» ይለኛል።

ታናሻችን ድምፀ ትልቅ ነበር። ከወንዝ ማዶ ሆኖ ሲጣራ ቤት ውስጥ የተሰቀለው ዕቃ የሚነቃነቅ ይመስለን ነበር። በመስቀል ጨዋታ እሱ ካላወጣ ዘፈኑ አይደምቅም። መጨረሻው ላይ ድምፁን ወደ ላይ የሚሰብርባት አንዲት አሰባበር ነበረችው፤ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ሞክረው አንዳቸውም አልሆነላቸውም። እንደ አገራችን ልጅ ሁሉ እሱም አዲስ አበባ ወጣ፤ መርካቶ አጎታችን ዘንድ ትንሽ ሠራ። መርካቶ ጠበበችውና አሰብ ወረደ፤ ከአሰብ መርከብ ላይ ተሳፈረ። ጋሼ መርቆ ነው የሸኘው። ዞሮ ዞሮ እንግሊዝ አገር አንዲት የወደብ ከተማ ውስጥ ዕቃ አውራጅ ሆኖ ቀረ።

ከጻፈልን ሁሉ ጋሼ በቃሉ የያዘው አንዱን ብቻ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ኳስ ሜዳ ይሄዳል። ቆመው ነው የሚያዩት፣ እያዩም ይዘፍናሉ። ቋንቋው ባይገባውም ዜማውን ስለያዘው አሁን የሚያወጣላቸው እሱ ነው። «ነጮቹ ይቀበሉኛል» ብሎ ነበር የጻፈው፤ ጋሼ ይህን ለገበያተኛ ሁሉ እየተናገረ ይኮራ ነበር። ከዚያ ደብዳቤው ቆመ።

ጋሼ ስለ መቆሙ አንድ ቀን እንኳ ተናግሮ አያውቅም። ይልቅ ኳስ መከታተል ጀመረ።

ኳሱ የሚሰማው በመምህሩ ሬዲዮ ነበር። መምህሩ ከጎጃም የመጣ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው፤ ከጓሯችን ያለችውን ክፍል ተከራይቶ ላጤ ይኖር ነበር። ቀጭን፣ ትሑት፣ ቀን ቀን ድምፁ የማይሰማ ሰው። ቅዳሜ ወደ ማታ ግን ሬዲዮውን ታቅፎ ሻይ ቤቴ ይገባል፣ ሽቦውን በመስኮት አውጥቶ ባሕር ዛፉ ላይ ያስራል፣ ከዚያ ሌላ ሰው ይሆናል። የእንግሊዞቹ ጣቢያ የጨዋታውን ሁለተኛ አጋማሽ ያስተላልፍ ነበር። እሱ እየሰማ በአማርኛ ያስተላልፍልናል። ኳሱ ወደ ጎል ሲጠጋ አማርኛው ይጠፋውና እንዲሁ እጁን ያወናጭፋል፤ እኛም ከእጁ እንረዳለን።

ጋሼ በእርግጥ የወደቡን ከተማ ቡድን ያዘ። የዚያን ቡድን አሠልጣኝ «ወደበኛው» ብሎ ሰየመው። መምህሩ ደግሞ የሌላ ከተማ ቡድን ደጋፊ ነበር። የእሱን አሠልጣኝ «ሐዘንተኛው» አልነው፤ ሰውየው ያሳደጋቸውን ተጫዋች ልጆች በአውሮፕላን አደጋ ሞት ወስዶበት፣ ከቀብር ተመልሶ እንደገና ቡድን የሠራ ሰው ስለሆነ ነው። ከሁለቱ ማን ይበልጣል? በዚህ ተጀመረ፤ ማለቂያም አልነበረው።

ጋሼ የሚሟገተው እንደ ጥንቱ ሙግት ነበር። ከመቀመጫው ይነሣል፣ ጋቢውን ያጣፋል፣ ዱላውን መምህሩ ላይ ይቀስርና «በላ ልበልሃ!» ይላል። መምህሩም ይነሣል። እኔን ዳኛ አድርገው ሰይመውኛል፤ ፍርድ እንድሰጥ ግን አንድ ቀን እንኳ አልፈቀዱልኝም።

«ሰው የሚለካው በሚከተለው ሕዝብ ነው» ይላል ጋሼ። «ያንተ ሰው ሲሸነፍ ሕዝቡ አንገቱን ደፍቶ ቤቱ ይገባል። የእኔ ሰው ሲሸነፍ ሕዝቡ ይዘፍንለታል። ተሸንፎ የሚዘፈንለት አለቃ አይተህ ታውቃለህ? ንገረኝ!»

«በላ ልበልዎ፣ ጋሼ! ጎተራው ሞልቶ ሳለማ ሁሉም ገበሬ ጎበዝ ነው» ይመልሳል መምህሩ። «የእኔ ሰው ጎተራው ተቃጥሎበት እንደገና ያረሰ ነው። ሰው የሚለካው ከቀብር ተመልሶ በሚሠራው ሥራ ነው።»

«መቅበር ታላቅ የሚያደርግ ከሆነ ዋንጫውን የእኛ ዕድር ዳኛ በወሰደው ነበር!»

ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። መምህሩ ግን አይበገርም፤ ሌላ ነጥብ ይዞ ይመጣል። አንዱ አሠልጣኝ ተጫዋቾቹን በአፉ ያሳምናል፣ ሌላው በዝምታው ያሳፍራቸዋል። አንዱ የተሠራ ይገዛል፣ ሌላው ከልጅነቱ ያሳድጋል። ጋሼም መምህሩም ከሁለቱ አንዱን እንኳ በዓይናቸው አይተው አያውቁም እኮ! እኔ ሲኒ እያጠብኩ «ሁለቱም እንግሊዞች እዚህ ቢመጡ አንድ ሲኒ እንኳ አያጥቡልኝም፤ ለእኔ እኩል ናቸው» እላለሁ። «ዳኛዋ ከችሎት ትውጣ!» ይላሉ ባንድ አፍ፤ የሚስማሙት በዚህ ብቻ ነበር። ተረታሁ ማለት ለሁለቱም ሞት ነው። በከተማው «ከሁለቱ አንዱ ተረታሁ ያለ ቀን ምጽአት ነው» እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር።

ይህ ሁሉ ግን ላይ ላዩን ነው። ጋሼ ለምን እንደሚከራከር እኔ አውቃለሁ። ወደበኛው ታላቅ ከሆነ ሜዳው ይሞላል። ሜዳው ከሞላ ታናሻችን እዚያ ቆሟል። ነገሩ ለጋሼ ይኸው ነበር። ሕዝቡ መዝፈን ሲጀምር፣ ጨዋታው የትም ይድረስ የት፣ እጁን ወደ ላይ ያነሣል፤ ቤቱ ጸጥ ይላል። ድምፁ በአጭር ሞገድ እየመጣ እየሄደ፣ አንዴ እንደ ንፋስ ሲርቅ አንዴ ቅርብ ሲል፣ ጋሼ ጆሮውን ሬዲዮው ላይ ለጥፎ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ ወደ እኔ ይዞራል።

«ሰማሽው?»

«አልሰማሁም።»

«ደህና አድርገሽ አላዳመጥሽም» ይለኛል ተቆጥቶ። መምህሩ በዚያች ሰዓት አንገቱን ይደፋል፤ አያሾፍም፣ አይተረጉምም። እኔ እናደድ ነበር። በሺህ ሰው ጩኸት ውስጥ አንድ ሰው ይሰማኛል ማለት እብደት ነው እል ነበር፤ ጋሼ እንዳያብድብኝ ፈርቼ ነው የምናደደው።

አንድ ቅዳሜ ግን፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ሰማሁት።

ሻይ እየቀዳሁ ነበር። ሕዝቡ አንድ ዝግ ያለ ዜማ ይዘፍናል። መጨረሻው ላይ፣ ሁሉም ድምፁን ሲያወርድ፣ አንድ ድምፅ ብቻውን ወደ ላይ ተሰበረ። ያቺ አሰባበር ነች። ሌላ ልትሆን አትችልም፤ እኔ አብሬው ያደግኩ ነኝ። «ሰማሁት!» ብዬ ጮኽኩ። ጋሼ ብድግ ብሎ ጭንቅላቴን በሁለት እጁ ይዞ ግንባሬን ሳመኝ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ስሞኝ አያውቅም። ያን ዕለት ስለ ወደበኛው የተናገረው ነገር ተወርቶ አያልቅም፤ መምህሩ አፍ የሚከፍትበት ቀዳዳ አልተገኘለትም። እኔም ክረምቱን በሙሉ ቀለል ብሎኝ ሠራሁ።

መስከረም ጠባ፤ መስቀል ደረሰ። ለመስቀል የማይመለስ የአገራችን ልጅ የለም። መርካቶ ይዘጋል ይባላል፤ እውነት ነው። አጎታችንም እንደ ወትሮው በአውቶቡስ መጡ፤ ጨርቅ፣ ስኳር፣ ሻማ ይዘው። ለእኔ ግን ያለወትሯቸው ሁለት ነጠላ አመጡልኝ። አጎታችን ቆጣቢ ናቸው፣ በሌላ ዓመት አንድ ሻሽ ለማምጣት የሚያስቡ ሰው። «ምን ተገኘ አጎቴ?» ብላቸው ፊታቸውን አዙረው «ዕድሜ ነው ልጄ» አሉኝ። ክትፎው ሲቀርብ ከጎመኑ ቀማመሱና ጾም ያለባቸው ይመስል እጃቸውን ሰበሰቡ።

ሌላም ነገር ነበር። የጎረቤቶቼ አመል ተለወጠ። ውኃ ስቀዳ ተራቸውን ይለቁልኛል። በዚህ ምላሴ አስቀይሜያት ዓመት ያኮረፈችኝ ሴት መጥታ ቅቤ ስታነጥርልኝ ዋለች። «ዛሬ ሰዉን ሁሉ ምን ነካው?» ብዬ ሳቅሁ። የመስቀል ነው ብዬ ተውኩት። ለካ ነገሩ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ኖሯል።

በየመስቀሉ ጋሼ አንድ ነገር ያደርጋል። ክትፎው ሲከፋፈል የታናሻችንን ድርሻ በጣባ፣ በሸክላዋ ሳህን፣ ለይቶ፣ በኮባ ቅጠል ሸፍኖ፣ ከጓዳ ያስቀምጣል። እንግዳ ሁሉ ከሄደ በኋላ ለማንም ለችግረኛ እንሰጠዋለን። ሌላ ሰው ከዚያች ጣባ አይቀምስም፤ ጋሼ ራሱ እንኳ። ያን ዓመትም ለይቶ አስቀመጠ።

በመስቀል ሰሞን ቅዳሜው መጣ። እንግዳው ሁሉ ዋናው ቤት ስለነበር ሬዲዮው ሻይ ቤቱ ውስጥ ሲከፈት ጋሼ፣ መምህሩ፣ አጎታችንና እኔ ብቻ ነበርን። ከደጅ የልጆች ዘፈንና ጭብጨባ ይሰማል። ያን ዕለት የወደቡ ቡድን ተሸነፈ። መሸነፍ ብቻ አይደለም፣ አፈረ፤ መምህሩ እንኳ ሲተረጉም ድምፁ እየወረደ ሄደ። እንዲህ ባለው ቀን የመምህሩን ፈንጠዝያ ማየት ነበር! ገና ጨዋታው ሳያልቅ ይነሣል፣ ልብሱን ያስተካክላል፣ ለሙግት ይዘጋጃል።

አልተነሣም። የሻይ ብርጭቆውን ብቻ ያዞራል።

ጋሼ ራሱ ቆሰቆሰው። «በል እንጂ መምህር! ዛሬ ቀንህ ነው። በላ ልበልሃ በለኝ፣ ተዘጋጅቻለሁ!»

«ጋሼ» አለ መምህሩ። ቀና አላለም። «ብዙ አሰብኩበት። የእርስዎ ሰው ይበልጣል። ተረትቻለሁ።»

ጋሼ ሳቀ። ትንሽ ነው የሳቀው፤ ሳቁ መሃል ላይ ቆመ።

«ተሸንፈን?»

«ቢሸነፉም።»

መምህሩ ለጋሼ አዝኖ ነው እንዲህ ያለው፤ የዋህ ሰው ነበር። አገር ሁሉ ለእኛ ያደረገውን እሱም አደረገ። መርዶ የተደበቀበትን ሰው ማንም አይጋፋም፤ ቢሳደብ ይቻላል፣ ቢሳሳት ልክ ነህ ይባላል፣ የፈለገው ሁሉ ይሰጠዋል። መምህሩ ደግሞ ለጋሼ ሊሰጠው የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነበረው፣ እሱን ሰጠው። ግን ጋሼም የዚሁ አገር ሰው ነው። የሰው አንጀት መቼ እንደሚራራ ያውቃል። እሱ ራሱ ስንት ሰው አርድቷል።

መጀመሪያ መምህሩን አየው። ከዚያ አጎታችንን አየ፤ እሳቸው የጋቢያቸውን ጫፍ ያስተካክላሉ። በመጨረሻ እኔን አየኝ። እኔ ማንቆርቆሪያ ይዤ ቆሜ ነበር። እንደማላውቅ ከፊቴ አነበበ። በዓለም ላይ ከእኔ ሌላ ያለው ታናሻችን ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ ይኸው ቆሜያለሁ።

«መቼ ነው?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የምኑ መቼ?» አሉ አጎታችን።

«አጎቴ፣ አይዋሹኝ። መቼ ነው የሞተው?»

አጎታችን አፋቸውን ሲከፍቱ ጋሼ እጁን አነሣ። ሕዝቡ ሲዘፍን ዝም በሉ የሚልበት የእጅ አነሣሥ ነበር። «ይቆዩ» አለ። «አይናገሩ። መስቀል ነው።»

እኔ ልጮኽ ነበር። ጩኸቱ ከአፌ ሳይወጣ ጋሼ ደርሶ መዳፉን አፌ ላይ አደረገ። የዚያ መዳፍ ክብደት እስከ ዛሬ ከንፈሬ ላይ አለ። በጆሮዬ «ሰው ዓመት ሙሉ የጠበቀው በዓል ነው። ልጆች ደጅ እየዘፈኑ ነው። እስኪያልፍ ቻይው» አለኝ። በመስቀል አይለቀስም፤ በእኛ ዘንድ ሬሳ እንኳ ቢወጣ ድምፅ ታፍኖ ነው። እኔም ቻልኩት። እንዴት እንደቻልኩት አትጠይቁኝ። ሬዲዮው ያን ጊዜ ሁሉ ክፍት ነበር፤ የተሸነፈው ቡድን ሕዝብ ይዘፍናል። መምህሩ ተነሥቶ ዘጋው።

ወዲያው እንግዶች ገቡ። የሰፈር ልጆች እየዘፈኑ ደጃፉን ሞሉት። ጋሼ እየሳቀ ተቀበላቸው። መረቃቸው፦ «ከዓመት ዓመት ያድርሳችሁ፣ የሄደውን በሰላም ይመልስላችሁ!» ሁሌ የሚመርቀው ምርቃት ነው፣ አንድ ቃል አላጎደለም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና «ጣባዋን አምጪልኝ» አለኝ።

አመጣሁለት። የኮባውን ቅጠል ገለጠው። በሰው ሁሉ ፊት፣ እየተጫወተ፣ ከጎኑ ለተቀመጠው እንግዳ ቆጮ እየቆረሰ፣ የታናሻችንን ድርሻ እሱ በላው። እስከ ታች ድረስ በላው። እንግዶቹ የምግብ ፍላጎቱን አደነቁለት። ምን እየሆነ እንዳለ የምናውቀው ሦስታችን ብቻ ነበርን፤ መምህሩ ግን ማየት አቅቶት ወጣ። እኔ በቅቤ በተነከረ እጄ በሩ መቃን ላይ ተደግፌ ጉርሻውን እያየሁ ቆሜ ነበር። ከቀብሩ ያልደረስኩት ወንድሜ በዓይኔ ስር የተቀበረ ያን ዕለት ነው።

መስቀል አለፈ። ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌዎች ከአጎታችን ጋር መጡ። በር አላንኳኩም፤ ጋሼ ለብሶ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ደፉ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃቸው ነበር።

«ግቡ» አላቸው። «ብርድ ላይ አትቁሙ።»

ሽማግሌዎቹ ግራ ገባቸው። አንደኛው «አውቀሃል እንግዲህ፤ እግዚአብሔር ያጽናህ» አለው።

«አውቄያለሁ» አለ ጋሼ። «ግን ንገሩኝ። ሰው ሳይነግረኝ ማልቀስ አልቻልኩም።»

አጎታችን ነገሩት። ቃሉን ከአፋቸው እንደሰማ ጋሼ መሬት ላይ ወደቀ። እኔም መስቀልን ሙሉ ያፈንኩትን ጩኸት ለቀቅኩት፤ ሰፈሩ ሁሉ ተቀበለኝ።

ነገሩን ያመጣው አንድ የአገራችን ልጅ መርከበኛ ነው፤ በክረምት መጥቶ ለአጎታችን ነግሯቸው፣ ከእሳቸውም ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ ኖሯል። ታናሻችን የሳንባ ሕመም ይዞት ሆስፒታል ገብቶ ነበር። በዚያ አገር ብርድ፣ በእኛ ጥር ገደማ ሞተ። የሥራ ባልደረቦቹ ቀበሩት፤ መቃብሩ ላይም ያንን የሜዳውን ዜማ ዘፈኑለት።

ለቅሶው ላይ ሴቶቹ ሙሾ ሲያወርዱ እኔ አንድ ቃል ይዞኝ ቀረ። ጥር። እኔ ድምፁን የሰማሁት ከፋሲካ በኋላ ነው።

ለማንም አልተናገርኩም። ጋሼ ግን ራሱ ደርሶበታል። አንድ ቀን ለቀስተኛው ቀለል ሲል አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

«ያን ጊዜ ሰማሁት ያልሽው» አለኝ፣ «እኔን ደስ ለማሰኘት ነበር?»

«በአባታችን አጥንት፣ ሰምቼዋለሁ።»

ራሱን ነቀነቀ። «እኔም ሰምቼዋለሁ» አለ። «ስለ ሰማሁት ነው የሳምኩሽ።»

ማን ነበር ታዲያ? ቆይቼ ስጠይቅ ሰው ሁሉ የየራሱን ነገረኝ። ቄሱ ስለዚህ አታስቢ አሉኝ። መምህሩ ምናልባት አብረውት የሚቆሙት ሰዎች አሰባበሯን ተምረውት ይሆናል አለ። ይህ የመምህሩ መልስ አንዳንድ ቀን ያጽናናኛል፤ ሌላ ቀን ደግሞ በጣም ያስፈራኛል። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሞክሮ ያቃተውን እነሱ እንዴት ቻሉት?

አርባው እስኪወጣ ሬዲዮው አልተከፈተም። መምህሩም ከሱቁ ደጃፍ እግሩን አሳጠረ። በቃሉ መርዶውን ያፈሰሰው እሱ ነው ብሎ ራሱን ይቀጣ ነበር መሰለኝ፤ ሰላምታው እንኳ ከሩቅ ሆነ። ጋሼ ሱቁን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ገዢ በጠየቀው ዋጋ ይሸጣል። የሚከራከረው ሰው መከራከር ሲያቆም ቤቱ እንዴት እንደሚያስፈራ ያን ጊዜ አየሁት። የወልቂጤውን ባሌን እንኳ ናፈቅሁት ብል ማን ያምነኛል?

አንድ ቅዳሜ ወደ ማታ መምህሩ ሬዲዮውን ታቅፎ ገባ። ሽቦውን አላወጣም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና እንደ ድሮው ለሙግት ቆመ። 

«በላ ልበልዎ፣ ጋሼ» አለ። «የዚያን ቀን ተረታሁ ያልኩትን አንስቻለሁ። ያልኩት ከልቤ አልነበረም። ሐዘንተኛው ይበልጣል። ዛሬም እላለሁ፣ ነገም እላለሁ። ልጆቹን ቀብሮ ተመልሶ የሚሠራ ሰው ይበልጣል።»

እኔ በንዴት ልጮኽበት አሰብኩ። የጋሼን ፊት ሳይ ተውኩት። ከመርዶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የሚያይ ዓይን ነበረው።

ዱላውን አላነሣም፤ ከመቀመጫውም አልተነሣም። «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ። «ያ ሐዘንተኛ ሰውህ። ከቀብር ተመልሶ ሜዳ የገባ ቀን፣ የሞተው ልጅ ይቆምበት የነበረው ቦታ ባዶ ነው አይደል?»

«አዎ ጋሼ።»

«ምን አደረገበት?»

 «ሌላ ልጅ አቆመበት» አለ መምህሩ።

ጋሼ ብዙ ጊዜ ራሱን ነቀነቀ።

«እኔ ሌላ ልጅ የለኝም» አለ።

መምህሩ ተቀመጠ። እኔም የያዝኩትን ሲኒ አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ጋሼ በአገጩ ወደ ሬዲዮው አመለከተና «ክፈተው» አለ። መምህሩ ሽቦውን በመስኮት አውጥቶ አሰረና ከፈተው። ሕዝቡ እየዘፈነ ነበር።